የድራይቩ ዓይነት የሙዚቃውን ፋይል ይለውጣል? የአባዬን ሲዲዎች እንደገና ልገልብጥ ወይ?

ጽጌ_ጉለሌ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። መጀመሪያ ሙድ አትያዙብኝ፣ የምሬን ነው የምጠይቀው።

አባዬ ወደ 180 የሚጠጉ ሲዲዎች አሉት። ግማሹን አክስቴ ከዋሽንግተን በመጣች ቁጥር ያመጣችለት ነው፣ የቀረው እዚሁ የተገዛ። ማጫወቻው ከሞተ ቆየ። እኔም ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ በፍላሽ እሰጥሃለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። በዩኤስቢ የሚሰካ አንድ ስስ የሲዲ ማንበቢያ ድራይቭ ገዛሁና 40 ያህሉን በፍላክ (ድምጹን ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) አወጣሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ወንድሜ ትቶት የሄደውን አሮጌ ዴስክቶፕ አስነሳሁ። ውስጡ ያለው ድራይቭ ጡብ ያክላል። እስቲ ብዬ አንዱን አልበም በሱ ደግሜ ገለበጥኩት። ጉድ ነው! በአሮጌው የወጣው ወፈር ይላል፣ ቤዙ ይሰማል፣ ድምጻዊቷ ቀረብ ብላ የምትዘፍን ነው የሚመስለው። በአዲሱ የወጣው ቀጭን ነው። እማዬን የትኛው የቱ እንደሆነ ሳልነግራት አሰማኋት፣ «ይሄኛው» አለችኝ። አሮጌውን ማለቷ ነው።

ታዲያ 40ውን ሲዲ እንደገና ልጀምር? ወይስ ጆሮዬ ነው?


ባለ_ሽቦው | ማክሰኞ፣ ማታ 2:58

ዲጂታል እኮ ነው። 0 እና 1። ድራይቭ ቤዝ አይጨምርም። ጆሮሽ ነው።


ጋሽ_ሸክላ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:15

ልጄ ጽጌ፣ እንዲህ በአንድ መስመር አትቆረጪ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ሙዚቃ ማዳመጥ ከጀመርኩ 40 ዓመት አልፎኛል። ከባድ ድራይቭ ዲስኩን ሳያንቀጠቅጥ ያዞረዋል። ዴስክቶፕ ውስጥ ያለው ኃይሉን ከትልቁ ፓወር ሰፕላይ ነው የሚያገኘው። ያ ስሱ ግን በአንዲት ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ የሚንጠለጠል ነገር ነው። ይህ ሁሉ ድምጹ ላይ ምንም አያመጣም ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ደግሞ ፓዮኒር ለብሉሬይ ድራይቮቹ ፒዩርሪድ የሚባል ለሙዚቃ ሲዲ ብቻ የተሰራ ነገር ነበረው። ልዩነት ባይኖር ኖሮ ለምን ይደክማል? እናትሽም ሰምታለች። የእናት ጆሮ አይናቅም።


ባለ_ሽቦው | ማክሰኞ፣ ማታ 4:21

ጋሼ በአክብሮት፣ በዚህ አያያዝ የባንክ ሂሳቤንም በከባድ ድራይቭ ብገለብጠው ብሩ ይጨምርልኛል ማለት ነው 😂


ድራይቭ_ጠጋኝ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30

ባለ ሽቦው ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ጋሼ ያሉትም እውነት አለው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ቡናዬን ይዣለሁ፣ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ሲዲ ላይ ያለው ሙዚቃ ቁጥር ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ እያንዳንዱ 16 ቢት፣ ለግራ አንድ ለቀኝ አንድ። ድራይቩ ይህንን በቁራጭ በቁራጭ ያነበዋል። በሰከንድ 75 ቁራጭ፣ አንዱ ቁራጭ 2,352 ባይት። እስካሁን ባለ ሽቦው ልክ ነው።

ሲዲው ላይ ያለው የቢሮ ሰነድ ቢሆን ኖሮ ከ2,352ቱ ባይት ለፋይሉ የሚውለው 2,048ቱ ብቻ ነው። የቀረው ለአድራሻና ለተጨማሪ ስህተት ማረሚያ ይሄዳል። የሙዚቃ ሲዲ ላይ ግን 2,352ቱም ለድምጽ ነው። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ ሲወጣ ለማጫወቻ እንጂ ለኮምፒውተር አልታሰበም። ስለዚህ የባንክ ሂሳብህና ሙዚቃህ እኩል ጥበቃ የላቸውም። ቀልዱ አሪፍ ነበር ግን አይሰራም።

ማረሚያ የለውም ማለቴ አይደለም። አለው፣ ሲአይአርሲ ይባላል። ሀሳቡ ቀላል ነው። መረጃው ዲስኩ ላይ በተርታ አይጻፍም፣ ይበተናል። ጭረት አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ የአንዱን ናሙና ሰፈር ጠራርጎ አይወስድም፣ ከብዙ ቦታ ትንሽ ትንሽ ነው የሚነጥቅ። የጎደለው ከተረፈው ይሰላል። በትራኩ አቅጣጫ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚደርስ ጉዳት እንዲህ ያለ ምንም ኪሳራ ይመለሳል። ይመለሳል ስል ቁጥሩ ራሱ ነው የሚመለሰው፣ ግምት አይደለም።

ጉዳቱ ከዚያ ሲያልፍስ? ሰነድ ከሆነ ድራይቩ «አልቻልኩም» ብሎ ይቆማል። ሙዚቃ ከሆነ ግን አይቆምም። ከፊትና ከኋላ ያሉትን ናሙናዎች ያይና መሃሉን በግምት ይሞላዋል። አይነግርሽም፣ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ያ ግምት አንዳንዴ ጭራሽ አይሰማም። አንዳንዴ «ጣ» ይላል። ሲብስ ደግሞ የተቀደደ ድምጽ ይሆናል።

ድራይቭ ከድራይቭ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የአንዱ ሌንስ አቧራ ጠጥቷል፣ የሌላው ሌዘር ደክሟል። አንዱ የተቧጨረ ቦታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ሌላው ወዲያው ተስፋ ቆርጦ ይገምታል። ጋሼ ያነሱት ፒዩርሪድም ስራው ይኸው ነው። በግምት ከመሙላት በፊት ደጋግሞ እንዲያነብ ማድረግ ነው እንጂ ድምጽ ማሳመሪያ አይደለም።

እንግዲህ ጽጌ፣ አንቺ ያልሽውን እይው። «ወፈር ያለ»፣ «ቀረብ ያለ»። ለዚህ ደግሞ ድራይቩ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እያንዳንዱን ቁጥር እያሰላ በልኩ መቀየር አለበት። የሚሳሳት ድራይቭ ይህን አያውቅበትም። ስህተቱ ጣ፣ ቸ፣ ዝላይ ነው። ድምጻዊ አያቀርብም።

ስለዚህ የሰማሽው ልዩነት ሊኖር ይችላል፣ ከድራይቩ መምጣቱን ግን እጠራጠራለሁ። ሦስት ነገር ንገሪኝ። ሁለቱን በምን ፕሮግራም ገለበጥሻቸው? ፋይሎቹን በምን ነው የምታጫውቻቸው? የሁለቱስ ሲአርሲ አንድ ነው?


ጽጌ_ጉለሌ | ረቡዕ፣ ቀን 7:05

ኧረ ተባረክ! ሲአርሲ ምንድነው ግን?


ድራይቭ_ጠጋኝ | ረቡዕ፣ ቀን 7:20

የፋይሉ አሻራ በይው። ፕሮግራሙ በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ አስልቶ አንድ አጭር ቁጥር ይሰጥሻል። አንዲት ናሙና ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። የሁለት ፋይል አሻራ አንድ ከሆነ ድምጹም አንድ ነው። ጆሮ ጠርተን አናከራክርም።

ኢግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለውን አውርጂ። ነጻ ነው። አሮጌ ነው፣ መልኩም አያምርም፣ ግን ለዚህ ስራ እስካሁን የምተማመንበት እሱን ነው። በሁለቱም ድራይቭ ያንኑ ሲዲ አውጪና አሻራዎቹን አስተያዪ።


የሜትሮው_ልጅ | ረቡዕ፣ ቀን 8:02

ማክ ያለን ሰዎችስ? ላፕቶፔ ድራይቭ የሚባል ነገር የለውም።


ድራይቭ_ጠጋኝ | ረቡዕ፣ ቀን 8:10

ኤክስኤልዲ የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀም፣ ድራይቩን በዩኤስቢ። ሊኑክስ ላይ ከሆንክ ዊፐር አለ፣ ወይ ደግሞ የጥንቱ ሲዲፓራኖያ። ገመዱን ደካማ ሀብ ላይ አትሰካው፣ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሁን። ስስ ድራይቭ ዲስኩን ሲያስነሳ ኃይል ይስባል። ካነሰበት ይጠፋና እንደገና ይነሳል። ድምጹ አይቀጥንም፣ ጭራሽ ይቋረጣል እንጂ። (የጋሼ «ቀጭን ገመድ» እዚህ ጋ ትዝ አለኝ።)


ጽጌ_ጉለሌ | ሐሙስ፣ ማታ 3:30

ወገን፣ ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ። አልበሙ 12 ዘፈን አለው። በሁለቱም ድራይቭ አወጣሁት።

12ቱም አይገጥሙም! አንድም የሚመሳሰል የለም።


ጋሽ_ሸክላ | ሐሙስ፣ ማታ 3:41

አላልኩም?


ባለ_ሽቦው | ሐሙስ፣ ማታ 3:44

ቆይ ቆይ። ይሄ አይሆንም።


ድራይቭ_ጠጋኝ | ሐሙስ፣ ማታ 4:20

ጋሼ አይቸኩሉ 😄 ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ኦፍሴት መናገር ረስቼ።

ቅድም የሙዚቃው ቁራጭ ውስጥ አድራሻ የለም ብዬ ነበር። አድራሻው በጎን በሚሄድ ሌላ መስመር ላይ ነው ያለው፣ ከድምጹ ጋር ደግሞ በናሙና ልክ አይገጣጠምም። ስለዚህ ድራይቩን «ከዚህ ቁራጭ ጀምረህ ስጠኝ» ስትይው ትንሽ ቀድሞ ወይ ትንሽ ዘግይቶ ይጀምራል። ደግነቱ አንድ ሞዴል ሁልጊዜ በአንድ ልክ ነው የሚሳሳተው። ያ ቁጥር ኦፍሴት ይባላል። ብዙ የላይትኦን ድራይቮች 6 ናሙና ናቸው። የድሮዎቹ ፕሌክስተሮች 30። የድሮ ኤልጂ ከሆነ 667 የሚሆነው ብዙ ነው።

ጽጌ፣ አንደኛው 6፣ ሌላኛው 667 ቢሆን ልዩነታቸው 661 ናሙና ነው። ይህ ከ15 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ሙዚቃው ያው ነው፣ ፋይሉ ግን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው የተቆረጠው። አሻራው ደግሞ ይህን አያውቅም። ሌላ ቁጥር ይሰጥሻል፣ በቃ።

የድራይቮቹን የሞዴል ስም ከቅንብሩ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ለየሞዴሉ ኦፍሴት የተዘጋጀ ዝርዝር አኩሬትሪፕ የሚባል የኢንተርኔት መዝገብ ላይ አለ። ወይም አባትሽ ጋ አንድ የታወቀ የፈረንጅ አልበም ካለ እሱን አስገቢ፣ ፕሮግራሙ ከአኩሬትሪፕ ጋር አስተያይቶ ራሱ ያገኘዋል። በአበሻ ሲዲ ግን አትሞክሪ።


የሜትሮው_ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 4:26

ለምንድነው በአበሻ ሲዲ የማይሆነው?


ድራይቭ_ጠጋኝ | ሐሙስ፣ ማታ 4:48

አኩሬትሪፕ የሰው መዝገብ ነው። አንተ አንድ አልበም ስትገለብጥ አሻራውን ከሌሎች ሰዎች ውጤት ጋር ያስተያያል። 50 ሰው በ50 የተለያየ ድራይቭ ያንኑ አሻራ ካገኘ፣ የአንተም ከገጠመ፣ ነገሩ አለቀ። 50 ድራይቭ አንድ ዓይነት ስህተት አይሳሳትም።

የእኛ ሲዲዎች ግን እዚያ መዝገብ ላይ እምብዛም የሉም። ፈረንሳይ ውስጥ ታትመው በዓለም የተሸጡት የድሮ ሙዚቃ ስብስቦች ይገኛሉ። ከሰፈር ሙዚቃ ቤት የገዛኸውን አልበም ስታስገባ ግን «መዝገቡ ውስጥ የለም» ነው የሚልህ። እኔ ከ10 አልበም 9ኙ ላይ ይህን እያየሁ ነው የኖርኩት።

ስለዚህ ፈረንጁ ሰው ድራይቩ ምንም ይሁን ምን መዝገቡ ይነግረዋል። እኛ ግን ዳኛ የለንም። ለዚህ ነው ሁለት ድራይቭ መኖሩ ለእኛ ትልቅ ነገር የሆነው። ሁለት የተለያዩ፣ በተለያየ ፋብሪካ የተሰሩ ድራይቮች አንድ አሻራ ከሰጡ ልክ ነው ብለህ መተኛት ትችላለህ። የጽጌ ጡብ ጥቅሙ ለዚህ ነው። ክብደቱን ተዉት።


መርካቶ_ኮፒ | ዓርብ፣ ጠዋት 2:15

እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ድራይቭ ድራይቭ ከማለታችሁ በፊት ሲዲውን አዙራችሁ የሚያብረቀርቀውን ሆዱን እዩት። ሆዱ ብር ከሆነ የታተመ ነው። አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ ካለ በኮምፒውተር የተቃጠለ ነው። «ኦሪጅናል» ተብሎ ከሽፋን ጋር የተሸጠ ሁሉ የታተመ አይደለም።

የተቃጠለው ላይ ሙዚቃው ያለው ቀለም ላይ ነው። ፀሐይና ሙቀት ይበላዋል። መኪና ውስጥ ክረምት ከበጋ የኖረ ከሆነ አለቀለት። እኔ የወንድሜን ሰርግ ሲዲ ላይ ያማረ ስቲከር ለጥፌበት ነበር። ከዓመታት በኋላ ስቲከሩ አንድ ጎኑ ተነሳና ድራይቭ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ አላነብ አለ። ልላጠው ብዬ ስስበው ብሩ አብሮ ተላጠ። መሃሉ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል። 14 ዘፈን ነበረው፣ 6 ነው የተረፈኝ።

እና ስቲከር ያለበትን እንዳትነኩ። እንዳለ አንብቡት።


ባለ_ሽቦው | ዓርብ፣ ጠዋት 2:31

አይ ወንድሜ 😢 እስክሪፕቶስ? እኔ ላያቸው ላይ በቢክ ነው የምጽፈው።


መርካቶ_ኮፒ | ዓርብ፣ ጠዋት 2:40

ቢክ አታድርግ። ሰው ሆዱን ሲጠብቅ ጀርባውን ይረሳዋል። በሆዱ በኩል 1.2 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ አለ፣ ትንሽ ቢጫር ሌዘሩ አልፎት ያያል። በጽሑፉ በኩል ግን ብሩ ከቀጭን ቫርኒሽ ስር ነው ያለው። እዚያ የተጫረ አይመለስም። መብራት ላይ ያዘውና እይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ከታየህ ያ ቦታ ጠፍቷል። የዓለም ድራይቭ ቢሰበሰብ አያነበውም።


ጽጌ_ጉለሌ | ቅዳሜ፣ ቀን 6:10

ኦፍሴቱን አስተካከልኩ። ስሱ 6፣ ጡቡ 667። ድራይቭ_ጠጋኝ እንደ ጠንቋይ ነው የነገርከኝ!

አሁን ከ12ቱ 11ዱ ገጠሙ። አሻራቸው ቁጥር በቁጥር አንድ ነው። 10ኛው ብቻ አልገጠመም።

በዚያ ላይ ደግሞ ግራ የገባኝ ነገር አለ። የገጠሙት 11ዱ አሁንም በጡቡ የወጡት ወፈር ይላሉ! የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?


ድራይቭ_ጠጋኝ | ቅዳሜ፣ ቀን 6:25

አሁን ያወጣሻቸውን ከአሁኖቹ ጋር ነው የምታስተያዪው ወይስ ከመጀመሪያዎቹ 40ዎቹ ጋር? 40ዎቹን በምን ነበር ያወጣሻቸው? ሪፕሌይጌይን የሚባል ነገር አብሮ እንዲያሰላ አዘሽው ነበር?


ጽጌ_ጉለሌ | ቅዳሜ፣ ቀን 6:52

ወይኔ!

አዎ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነው። ያኔ ፉባር በሚባል የሙዚቃ ፕሮግራም ነበር ያወጣኋቸው፣ ሪፕሌይጌይንም አሰላሁላቸው። ዘፈኑ ሁሉ እኩል እንዲጮህ ተብሎ አንድ ቦታ አንብቤ ነበር። በጡቡ ሳወጣ ግን አላደረግኩም። ማጫወቻዬ ላይ ደግሞ ያ ነገር በርቷል።

አጠፋሁት። አሁን አንድ ናቸው። እማዬን ጠርቼ ደጋግሜ አሰማኋት፣ ሳንቲም እየወረወርኩ፣ ዘውድ ሲሆን ይሄ ጎፈር ሲሆን ያ። ከ10 ጊዜ 4 ብቻ አወቀችው። መጨረሻ ላይ «ምሳ ልስራበት» ብላኝ ሄደች።


ድራይቭ_ጠጋኝ | ቅዳሜ፣ ቀን 7:00

በቃ ይኸው ነው። ሪፕሌይጌይን ድምጹን አይነካም፣ ፋይሉ ላይ «ይህን ያህል ቀንስ» የሚል ምልክት ብቻ ነው የሚጽፍ። ማጫወቻው አንዱን ቀነሰው፣ ሌላውን ምልክት ስለሌለው እንዳለ ተወው። ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሰማ ነገር ደግሞ ለሁላችንም ወፈር ይልብናል። እኔም ስንት ጊዜ ተሸውጄበታለሁ።

አሁን ወደ 10ኛው እንሂድ። ለእኔ ዋናው እሱ ነው። በየድራይቩ ሁለት ሁለት ጊዜ አውጪው።


ጽጌ_ጉለሌ | ቅዳሜ፣ ቀን 8:30

ስሱ ሁለቴም አንድ አሻራ ሰጠኝ። ጡቡ ግን ሁለት የተለያየ። ስለዚህ ስሱ ነው ልክ አይደል?


ድራይቭ_ጠጋኝ | ቅዳሜ፣ ቀን 8:44

ተጠንቀቂ! ብዙ ድራይቭ ያነበበውን ለትንሽ ጊዜ በማስታወሻው ይይዛል። ደግመሽ ስትጠይቂው ዲስኩን ደግሞ አያይም፣ የያዘውን ነው የሚደግምልሽ። ያው ተማሪ ሁለቴ ቢጠየቅ ያንኑ የተሳሳተ መልስ እንደሚደግም ማለት ነው። ቅንብሩ ውስጥ ድራይቩ ድምጽ በማስታወሻ እንደሚይዝ የሚጠይቅ ቦታ አለ። እሱን ምልክት አድርጊና ድገሚው።


ጽጌ_ጉለሌ | ቅዳሜ፣ ማታ 1:15

ምልክት አደረግኩ። ስሱም ዋሽቶኛል! አሁን ሦስት ጊዜ ሦስት የተለያየ አሻራ። 3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ላይ ሲደርስ ዝዝዝ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ሲዲውን አወጣሁና መስኮት ጋ ያዝኩት። ዳሩ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ተጋግሮ ደርቋል። የአባዬ ነው፣ ወጥ ሲበላ ይቀይር ነበር መሰለኝ።


መርካቶ_ኮፒ | ቅዳሜ፣ ማታ 1:22

ሲዲ ከውስጥ ወደ ውጪ ነው የሚነበበው፣ የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ዳሩ ላይ ናቸው። ሰው የሚይዘው ደግሞ ዳሩን ነው።

ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ አንድ ጠብታ፣ በጣትሽ ለስለስ አድርገሽ። ስታደርቂው ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርገሽ ጥረጊ፣ እንዳታዞሪው። በክብ ከጠረግሽ የምትፈጥሪው ጭረት ትራኩን ተከትሎ ይሄዳል፣ ማረሚያው የሚፈራው ያንን ነው። ከዳር እስከ መሃል ቀጥ ያለ ጭረት ይሻላል። ሶፍት አይሁን፣ ይፈትጋል። ንጹህ ጥጥ ጨርቅ።


ጋሽ_ሸክላ | ቅዳሜ፣ ማታ 4:05

ልጆቼ፣ ተሸንፌአለሁ። ስለ ክብደቱ ያልኩትን አንሱልኝ።

ግን አንድ ነገር ጆሮዬን ያስጨንቀኛል። አንድ የጃዝ ሲዲ አለኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ጃፓን የታተመ። በማጫወቻዬ ስሰማው እንደ ማር ነው። ገልብጬ ከኮምፒውተሩ ስሰማው ሲምባሉ ጆሮ ይወጋል። በሦስት ድራይቭ ሞከርኩት፣ ሦስቱም ይወጋል። ይህንንም ጆሮህ ነው በሉኝና ልተኛ።


ድራይቭ_ጠጋኝ | ቅዳሜ፣ ማታ 4:40

ጋሼ፣ በዚህኛው እርስዎ ልክ ነዎት! ጆሮዎ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የታተሙ አንዳንድ ሲዲዎች ፕሪኤምፋሲስ የሚባል ነገር አለባቸው። ስቱዲዮው ከፍተኛውን ድምጽ፣ ሲምባሉን፣ «ሰ» እና «ሸ»ን ሆን ብሎ ከፍ አድርጎ ይቀርጸዋል። ሲዲው ላይ ምልክት ያስቀምጣል። ማጫወቻው ምልክቱን ሲያይ በዚያው ልክ መልሶ ይቀንሰዋል። በዚህ መንገድ ጫጫታው ይቀንሳል ተብሎ ነው።

ሲገለበጥ ግን ቁጥሮቹ ከፍ እንዳሉ ይመጣሉ። ምልክቱ ያለው በጎን በሚሄደው መስመር ላይ ስለሆነ ፋይሉ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ መቀነስ እንዳለበት አያውቅም። ሦስቱም ድራይቭ ትክክል አንብበዋል፣ ሦስቱም ይወጋሉ። ሶክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ውስጥ ይህንን የሚመልስ ማጣሪያ አለ። ዋናውን ቅጂዎን አይንኩ፣ ሌላ ቅጂ ላይ ያድርጉት። ካልሆነ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ አብረን እናደርገዋለን።


ጋሽ_ሸክላ | ቅዳሜ፣ ማታ 4:52

እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔ ልጅ። ስንት ዓመት ሙሉ ገመድ ስቀይር ነበር። የገመዱን ዋጋ ለባለቤቴ እንዳትነግሩ።


ጽጌ_ጉለሌ | ሰኞ፣ ማታ 2:10

ሪፖርት።

ሲዲውን በላርጎ አጠብኩት። ስሱ ድራይቭ አሁንም 10ኛው ላይ አልረጋ አለ፣ ግን ሦስት የተለያየ የነበረው አሻራ ሁለት ሆነ። ጡቡ ግን ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ሰጠኝ፣ በ7714 የሚያልቅ። አላመንኩትም፣ በስሱ ተሸውጃለሁና። ዛሬ ሲዲውን ቢሮ ወስጄ በባልደረባዬ ላፕቶፕ አወጣሁት። 7714!

እንግዲህ ድራይቩ ለውጥ አመጣ። 12 ዘፈን ውስጥ አንዱ ላይ፣ ከአንዱም ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ላይ። 40ውን አልደግምም። እያንዳንዱን በጡቡ አሻራውን ብቻ አይቼ ያልገጠመውን ነው የማወጣው። እስካሁን 9 አይቻለሁ፣ 8ቱ ሙሉ በሙሉ ገጥመዋል።

አባዬን 10ኛውን አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና 3 ደቂቃ ላይ ሲያልፍ ገልጦ አየኝ። «እዚህ ጋ ይዘል ነበር እኮ» አለ። ቅር ያለው ነው የሚመስለው።


ባለ_ሽቦው | ሰኞ፣ ማታ 2:18

😂😂 ዝላዩን መልሽለት። ጽጌ፣ ያ ጡብ ስራው ሲያልቅ ይሸጣል?


ጽጌ_ጉለሌ | ሰኞ፣ ማታ 2:25

አይሸጥም! ገና ወደ 170 ይቀራል። ደግሞ አሁን ትሪው በግድ ነው የሚወጣው፣ በወረቀት ማያያዣ ሽቦ እየወጋሁ ነው የምከፍተው። ለዚህስ መላ አላችሁ?


ድራይቭ_ጠጋኝ | ሰኞ፣ ማታ 2:33

ጎማው ነው። ትሪውን የምታስወጣው ትንሽ ቀበቶ ስታረጅ ትላላለች። ሙቅ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብትነክሪያት ለጊዜው ትኮማተራለች። 170 ሲዲ ግን አታደርስሽም፣ አዲስ ፈልጊላት። ስትፈቺው ገመዱን ከኮምፒውተሩ ንቀይ፣ ፎቶ እያነሳሽ፣ ብሎኖቹን ሲኒ ውስጥ።